ኑግ የመሰለው ተልባ

እታለም አበዛሽ፣

ሙቀጫው ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ኑግ አይደለም፤ ተልባሽ ነው። ራሴ ቆልቼው ነው። አብሽሪ፣ ቤቱ አልተቃጠለም። ለዶሮዋ ስጪያት፤ እንቢ ካለችም አትፍረጂባት።

ሁዳዴን ሙሉ ተልባሽን በዝንጅብል እየጠጣሁ የጉልበቴ ሕመም ለቀቀኝ። እኔ ግን ከአጅባር ለመጡት ካህናት ሳይቀር «ያዳነኝ ማኅሌቱ ነው» እያልሁ ፎከርሁ። ፋሲካ ሲደርስ ተልባውን «የበሽተኛ ምግብ» ብዬ ትቼ ሥጋው ላይ ተረባረብሁ። ይኸው ጉልበቴ እንደ ቅል አብጦ፣ ከመደብ እስክነሳ ቅዳሴ ያልቃል።

ዛሬ አንቺን ከምለምን ብዬ ራሴ ገባሁበት። መቁላቱስ ይሁን። ጥቂት እንደወቀጥሁ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ።

አንቺ በነዚያ በተቆለመሙ ጣቶችሽ ሁዳዴን ሙሉ እንዴት እንደወቀጥሽው አልጠይቅሽም።

ሌላ ተልባ ልገዛ ገበያ ወርጃለሁ። መቋሚያዬን ተደግፌ ነው የሄድሁት፤ የሚያየኝ ሰው ለማኅሌት የምቸኩል ይመስለዋል። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፤ እሱን አልነካሁትም።

ዘነዘናውን ደብቄዋለሁ። የት እንደሆነ አልነግርሽም።

ወንድምሽ መሪጌታ አምባቸው