ጨውና ኮላ የጨመርኩበት የእናትሽ ሥዕል

ለልጄ ለገላኔ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም በሥራሽ ላይ ሽማግሌዎቹን ስታነሺ ይይዝሻል? ባለቤትሽ ፍሮምሳ ሥራው እንዴት ይዞታል? የልጅ ልጄ ዶርቃስ አደገችልኝ? ሀምቡርግ ብርዱ ጀምሯል አሉኝ፤ እግርሽን አሙቂ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ክረምቱንም ተሻግረናል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም፤ ፊደሌም የመሠረተ ትምህርት ፊደል ነው፣ ታግሰሽ አንብቢው። በስልክ ድምፅሽን ስሰማ እውነቱ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው። የእናትሽ ፎቶ ፎቶ ቤት ነው ያለው፣ እያባዙት ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ፎቶ ቤት ሄዶ አያውቅም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ሰኔ ላይ የውሃ ቀለሙን ስትልኪልኝ፣ በምትሠሪበት መጦሪያ ቤት ያሉ አዛውንቶች ሥዕል እየሳሉ ሐሳብ እንደሚቀላቸው ነግረሽኝ ነበር። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ግድግዳ ሳይ እንደምውል ጎረቤታችን ዓለሚቱ ሹክ ብላሽ መሰለኝ። «አባዬ፣ ለጀማሪ ውሃ ብቻ ይበቃል፤ ምንም እንዳትጨምርበት» አልሽኝ። የሚጨመሩ ነገሮች ቢኖሩም ቀለሙንና ውሃውን ለለመደ ሰው እንደሆኑ አስረዳሽኝ። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ ጀማሪ የምትለዋን ብቻ ነው የሰማሁት። ከላፍቶ እስከ ሀይሌ ጋርመንት አርባ ዓመት ቤት የቀባ ሰው ጀማሪ ሲባል! እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፤ ሆዴ ግን እሺ አላለም።

የመጀመሪያ ቀን እንዳልሽው በውሃ ብቻ ሞከርኩት። ሲደርቅ ደበዘዘ። ጣቴን በምራቅ አርሼ ብነካው ለቀቀ። በእኛ ሙያ የሚለቅ ቀለም ውርደት ነው። ኖራ ላይ ጨውና ኮላ የምንጨምረው ግድግዳውን የተደገፈ ሰው ኮቱ ነጭ እንዳይሆን አይደል? ወረቀት ላይ ማን ኮት ለብሶ እንደሚደገፍ አላሰብኩም።

ከዚያ የእናትሽን የገዲሴን ፎቶ አወጣሁ። ማሳችን ቤት ሳይሠራበት በፊት ጎመኑ ዳር ቆማ የተነሳችውን ማለቴ ነው። ፎቶ ስለማትወድ ሌላ እንደሌለን ታውቂያለሽ። ቀለሙን በስኒ በጥብጬ ኮላም ጨውም ጨመርኩበትና ሦስት ቀን ሙሉ ከነቀሚሷ ሳልኳት። አለቀቀም፤ ኮራሁ። ዓለሚቱን ጠርቼ ባሳያት፣ «ጋሽ ዋቅጅራ፣ ይቺ ገዲሴ አይደለችም፣ እርስዎ ሻሽ አስረው ነው» አለችኝ። ተቆጥቼ ሸኘኋት።

ወረቀቱ ውሃ ጠጥቶ ተጨማዶ ነበር። ይስተካከልልኝ ብዬ ፎቶዋን በፊቷ ደፍቼ በሥዕሉ ላይ አኖርኩና፣ ሁለቱን ፍራሼ ሥር አስገብቼ ተኛሁባቸው። ነሐሴ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ረጥቧል። ጨው እርጥበት እንደሚስብ፣ ክረምት ሲሆን ግድግዳ እንደሚያስለቅስ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? በሳምንቱ ባወጣቸው ኮላው ለስልሶ ሁለቱን አንድ አድርጓቸዋል። ከጥግ ይዤ ብስብ የፎቶው ቆዳ ተላጠ። እግሯ ሄደ፣ ቀሚሷም እስከ ወገቧ ሄደ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው። በነጭ ጋዝ ላስለቅቀው ስል ዓለሚቱ ደርሳ እጄን ያዘችኝ። «ይተዉ፣ ፊቷ ጋ ሊደርሱ ነው» አለችኝ። እናትሽ እንኳ እንዲያ አዝዛኝ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ጋዙን መልሼ አስቀመጥኩ።

አንቺ በነጋታው ደወልሽ። እዚህ ሀምቡርግ ያለው ቦጋለ ለእረፍት መጥቷልና ሲመለስ ፎቶዋን በእጁ ላክልኝ፣ ለቀብሯ ሳልደርስ ቀረሁ፣ ዶርቃስም አያቷን በመልክ አታውቃትም አልሽኝ። ያኔ ነው ፎቶ ቤት ያልኩሽ። ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ፣ ሦስት ጊዜ ያንኑ ደገምኩልሽ። በሰባ አንድ ዓመቴ ልጄን ዋሸሁ። ጀማሪ መባልን ጠልቼ ውሸታም ሆንኩ።

አሁን ሁለቱንም እንደተጣበቁ በካርቶን መሃል አድርጌ ለቦጋለ ሰጥቼዋለሁ። ፊቷ እዚያው ተደፍቶ አለ፣ አልነካሁትም። እናንተ አገር የተጣበቀ ወረቀት የሚያላቅቅ ባለሙያ ይኖር እንደሆነ ጠይቂልኝ። ሥዕሉን ይቅደዱት፣ ይጣሉት፣ እሷ ብቻ ትዳን። ምን እንደተጨመረበት ከጠየቁሽ አትሸፋፍኚልኝ፤ አንድ ማንኪያ ኮላና ግማሽ ማንኪያ ጨው ነው፣ አባቴ ተነግሮት እንቢ ብሎ ነው በያቸው። ካልዳነችም እውነቱን ንገሪኝ። አባቴ ያዝናል ብለሽ እንዳትዋሺኝ።

ፍሮምሳን አማትህ ሰላም ብሎሃል፣ ስለ ጥፋቴም ይቅርታ ይጠይቅሃል በይው። ዶርቃስን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ዓለሚቱም ሰላም ብላችኋለች፤ እሷ ባትደርስ ኖሮ የምልክልሽም አይኖረኝም ነበር።

አባትሽ ዋቅጅራ
ላፍቶ፣ መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.