ሲስተም የተባለውን ታማሚ ስለ መጠየቅ

በጎንደር ከተማ የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ለሆኑት፣ ከአክብሮቴ ብዛት ስማቸውን ለማልጠራው ክቡር ሆይ፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም ባለጉዳይ የማይቀሰቅሰው ይሁን።

እኔ መሪጌታ ዕንባቆም ካሣዬ፣ ዜማ በማስተማር የምኖር ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው ጽሕፈት ቤትዎ በአንድ ሳምንት አንድ ቃል ስላስተማረን ለማመስገን ነው።

የአክስቴ ልጅ አያ ፋንታሁን ባለፈው ጥቅምት የገብስ አጨዳቸውን ትተው ከመካነ ብርሃን መጡ። እኔ ዘንድ ያደገችው ልጃቸው ወለላ ነርስነት ልትማር ኮሌጅ ተቀብሏት፣ እስከ ሐሙስ የልደት የምስክር ወረቀት እንድታቀርብ ታዝዛ ነበር፤ እርስዎም አባት በአካል ቀርቦ ካልፈረመ አይሆንም ብለዋል። እኔ ተማሪዎቼን ትቼ መሄድ ስላልቻልሁ፣ ወለላም ኮሌጁ በር ተሰልፋ ስለነበር፣ ሰኞ ዕለት ብቻቸውን ሄዱ።

ጸሐፊዎ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም» አለቻቸው።

አያ ፋንታሁን ሲስተም የሰው ስም መሰላቸው። ቆባቸውን አውልቀው «ምነው ልጄ፣ ታመው ነው?» ሲሉ ጠየቁ። እርሷም ከባልደረባዋ ጋር ተሳስቃ «አዎ፣ ትንሽ አሟቸዋል፤ ነገ ይምጡ» አለች። ማክሰኞ ለእኔ ካመጡት ማር ቀንሰው ለታማሚው ይዘው ሄዱ። ጸሐፊዎ ተቀብላ «አደርስላቸዋለሁ» አለች።

ረቡዕ ሦስታችንም ስንሄድ ነው ነገሩን ከተሰላፊዎች የሰማነው። ወለላ ቀስ ብላ ለአባቷ አስረዳቻቸው። ፊታቸው ቀላ፤ «ሸጋ ልጅ መስላኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲያ ወደ መስኮቱ አልቀረቡም፤ አጥሩ ሥር ቆመው ዋሉ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ቃሉን እንድመረምር አስገድደውኛል። ሲስተም ከግሪክ የመጣ ነው፤ ሥሩ አብሮ ማቆም ማለት ነው። ግሪኮች የዜማን ድምፆች ቅንብር ሳይቀር በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ከእነርሱ ላቲኑ፣ ፈረንሳዩና እንግሊዙ ወሰዱት፤ በመጨረሻም ኮምፒውተር ወረሰው። ዐረቦች ኒዛም ይሉታል፤ ዕንቁን በክር ከመሰካት የመጣ ቃል ነው። እኛም ሥርዓት የሚል የግዕዝ ቃል አለን። እንግዲያስ ጸሐፊዎ ሳምንቱን ሙሉ በመስኮት ብቅ እያለች ሥርዓት እንደሌላችሁ ስታውጅ ነበር፤ ስለ እውነተኛነቷ ምስጋና ይድረሳት።

ሁለተኛ፣ ሐሙስ ዕለት አብሮ መቆምን በተግባር አሳይተውናል፤ መቶ ያህል ሰው ከጠዋት እስከ ማታ አብረን ቆመናል። ክቡርነትዎ ብቻ ተቀምጠው ነበር።

ሦስተኛ፣ ወረቀቱን ዓርብ ጠዋት ሰጥተውናል፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ! ሰኞ ዕለት እስክሪብቶውም ታሞ ኖሯል? ኮሌጁ ምዝገባውን ዘግቶ ለሚመጣው ዓመት ቀጠራት። ወለላ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና «ስሜስ ትክክል ነው» አለች።

አያ ፋንታሁን ቅዳሜ ተመለሱ። መናኸሪያው ላይ ስንሰናበት እንዲህ አሉኝ፦ «ማሩስ ይሁን። ሰኞ ማታ ግን ለዚያ ሰው እግዜር ይማርህ ብዬ ጸለይሁ። ይህን ምን ልበለው?» ክቡርነትዎ የተማሩ ነዎትና መልስ አያጡላቸውም።

በመስኮትዎ ደጅ መቆምን እንደ ክብር የሚቆጥረው፣ ለታላቅነትዎ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣው፣
መሪጌታ ዕንባቆም ካሣዬ

ማስታወሻ፦ ጸሐፊዎ ዓርብ ዕለት የመዘግየቱን ምክንያት ስትነግረን «ሰርቨሩ ወድቆ ነው» ብላለች። ይህንንም ቃል ፈለግሁት፤ አገልጋይ ማለት ነው። በበርዎ ላይ ከስምዎ ሥር «የሕዝብ አገልጋይ» ተብሎ ተጽፎ ስላየሁ፣ መውደቅዎን ከሠራተኛዎ አፍ በመስማቴ እጅግ አዝኛለሁ። ለቅሶ መድረስ ይገባኝ እንደሆነ ያሳውቁኝ።