የአባቴ ሞተር ሰማያዊ አልነበረም

ለአሮጌ ተሽከርካሪዎች ሙዚየም ክቡር ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ የተሟላ፣ ፊትዎም ባስመረቁት አዳራሽ ውስጥ እንዳለው ነገር ሁሉ የሚያብረቀርቅ እንዲሆን፣ ዓይንዎን ደግሞ ለይቶ ደህና እንዲያደርግልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በምርቃቱ ዕለት በጭስ ካስነጠሱት እንግዶች አንዷ ነኝ። ጭሱ የወጣባት የጭነት መኪና የአባቴ ናት። ቢሮዎ ድረስ ደጋግሜ ብመጣም ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

በንግግርዎ ላይ «አንድ አዛውንት» ብለው ስላለፏቸው አባቴ ጥቂት ልበል። አባቴ ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚያች መኪና መሪ ላይ ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ግን ከአፋቸው ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውሃ እንደ መጭመቅ ሆኖብን ነበር። ሰፈርተኛው «ቀስበቀስ» የሚለው ታላቅ ወንድሜ፣ አንድ ብሎን ከመፍታቱ በፊት ሰላም የሚለው ዓይነት መካኒክ ነው። ግቢያችን ጥግ ዝጋ የቆመችውን መኪና እናድሳት ብሎ ሲነሳ፣ ሐሳቡ መኪናዋ ላይ ብቻ አልነበረም። አባቴ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። መጀመሪያ ዝም ብለው አዩት፤ ቆይተው አረሙት፤ በመጨረሻ ይቆጡት ጀመር። እኔና ወንድሜ ያን ቁጣ እንደ ደረቅ መሬት ጠጣነው።

ሞተሩ ተጠርጎ ሲያልቅ የቀለሙ ነገር መጣ። በየጥገናው ጥቁርም ብርማም ተደራርቦበት ስለነበር የመጀመሪያው መልኩ ጠፍቷል። ወንድሜ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ፈትቶ ሲያነሳው ግን ከሥሩ ፀሐይም ዘይትም ያላገኘው፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተገኘ፤ ከግራጫና ከአረንጓዴ መሃል ያለ ደብዘዝ ያለ ቀለም። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና፣ «ይሄ ነው። ከፋብሪካ ስትመጣ እንዲህ ነበረች» አሉ። ከዚያ ወዲያ ደጁን ያልረገጥነው ቀለም ቀማሚ የለም። ናሙናው ቆርቆሮ ላይ ተቀብቶ ይመጣል፤ አባቴ አንዱን የሆስፒታል ግድግዳ ነው ይላሉ፣ ሌላውን የጠወለገ ሰላጣ። ትክክለኛው ሲመጣ ቆርቆሮዋን ኪሳቸው ከተው ሄዱ።

እርስዎ መኪናዋን ለአዲሱ አዳራሽ ሊዋሱ ግቢያችን ድረስ ሲመጡ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተዋል። ፋብሪካው ሞተሮቹን ሰማያዊ መቀባት የጀመረው ከእኛዋ በኋላ በወጡት ላይ መሆኑንም ወንድሜ አስረድቶዎታል። እርስዎም የአባቴን እጅ በሁለት እጅዎ ጨብጠው፣ አንድ ብሎን እንደማይነካ ቃል ገብተው ወሰዷት።

ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው፦

፩. ቃልዎን ስለጠበቁ አመሰግናለሁ። እውነትም አንድ ብሎን ለይተው አልነኩም፤ ሁሉንም ከነሞተሩ ሰማያዊ ቀቧቸው። የውሃ ጎማዎቹ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ፣ ቺንጋው፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ፣ የሞተሩ ቁጥር የተቀረጸበት ቦታ ሳይቀር ከበረከቱ ደርሷቸዋል። ቀቢዎችዎ እግረ መንገዳቸውን ባትሪውንም አለመርሳታቸው ለሥራቸው ያላቸውን ፍቅር ያሳያል።

፪. ስለ ጥናትዎ ጥልቀት አመሰግናለሁ። የሞተሩን ሰማያዊነት ያረጋገጡት ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ሥዕል መሆኑን ከጸሐፊዎ ተረድቻለሁ። ሥዕሉ ላይ ያለችው መኪና የአባቴ መኪና ታናሽ ናት። የታናሽን ቀሚስ ለታላቅ በግድ ማልበስ በእርስዎ ቤት የተለመደ ይሆናል፤ በእኛ ቤት ግን ይቀደዳል። አበው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይላሉ፤ እርስዎ ለቅመው ብቻ ሳይሆን ሰማያዊ ቀብተው አሳይተውናል።

፫. ስለ ምርቃቱ ዕለት። ከሞተሩ ጎን ያለው የጭስ ማውጫ ብረት እንደ ምድጃ ስለሚግል የሞተሩን ቀለም አይሸከምም፤ ባዶውን የሚተወው ስለዚህ ነው። እርስዎ አዘኑለትና ቀቡት። ሞተሩ ሲነሳ ቀለሙ ተቃጠለ፣ አዳራሹ ታፈነ፣ እንግዳው ሁሉ መሐረቡን አወጣ። እርስዎም ሳይደናገጡ ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ የድሮ ሞተር እንዲህ ያጨስ እንደነበር ለሕዝቡ አስተማሩ።

አባቴ የተተኮሰ ኮታቸውን ለብሰው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነበሩ። ተነሥተው ሄደው ኮፈኑ ሥር አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «የኔዋ አታጨስም። ይቺ የኔ አይደለችም» ብለው በሰው መሃል ሰንጥቀው ወጡ። ቤት ሲደርሱ በርጩማቸውን ከግቢ አስገቡ፣ ወደ ግቢው በሚያሳየው መስኮት ላይ መጋረጃ ጋረዱ። ሲቀርብላቸው ይበላሉ፣ ሲመሽ ይተኛሉ፤ ሌላ የለም። በብዙ ልፋት የመለስናቸው አባታችን እንደገና ሄዱብን። እዚህ ነጥብ ላይ የምቀልደው ፈልጌ አጣሁ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፬. መኪናዋን ስንረከብ ሠራተኞችዎ ሰማያዊው ቀለም ሙዚየሙ በነጻ ያበረከተልን ማሻሻያ መሆኑን ገልጸው፣ ወንድሜ የምስጋና ቃል እንዲሰጥ ጠየቁት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል የሰማሁት ልጅ ሆኜ ነው፤ ሞፈሩን የቆረጠው ሰው ተመልሶ ምስጋና እንደሚጠይቅ ግን የነገረኝ አልነበረም። ወንድሜ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በችኮላ የሠራው ነገር ቢኖር ያኔ መኪናዋን አስጎትቶ መውጣቱ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ማወቅ መብትዎ ነው። እኔና ወንድሜ ሥራዎን በቲነርና በብሩሽ ስናፈርስ ሰነበትን። ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወንድሜ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ሳለ፣ እኔ የአሉሚኒየሙን ክዳን በሽቦ ብሩሽ እፈገፍግ ነበር። የመጋረጃው ቀለበት ሲንሿሿ ሰማሁ። ቆይቶ የነጠላ ጫማ ኮቴ መጣ፤ ከጀርባዬም፣ «እሱን በሽቦ አትፈግፍጊው፣ ይቦጫጨራል። ማን እንዲህ አስተማረሽ?» የሚል ድምፅ። አባቴ ብሩሹን ከእጄ ነጥቀው ጨርቅ ቲነር ውስጥ ነከሩና ራሳቸው ይጠርጉት ጀመር። ወንድሜ ከመኪናዋ ሥር አልወጣም፤ ቢወጣ የሚሄዱ መስሎት ነው።

ሰማያዊው ገና አላለቀም። በየብሎኑ ጥርስ፣ እጅ በማይገባበት ጠባብ ሁሉ ተሸጉጧል። የውሃ ጎማዎቹና ሽቦዎቹ አልዳኑም፣ ተጣሉ። መኪናዋ መቼ እንደምትነሳ አናውቅም። አባቴ ግን ይናገራሉ። ከጠዋት እስከ ማታ ይናገራሉ፤ የሚናገሩትም ስለ እርስዎ ብቻ ነው። እናታችን ብትኖር ጆሯችንን የምታስደፍነን ቃላት ስላሉበት እዚህ አልጽፈውም። ሆኖም ለአባቴ የማያልቅ የወሬ ርዕስ ስለሆኑላቸው፣ ቤተሰባችን ውለታዎን አይረሳም።

ከጥፍሬ ሥር ያለው ሰማያዊ በሳሙና አልለቅ ስላለኝ በየማለዳው እርስዎን የማስታውስ፣

አክባሪዎ፣
የአዛውንቱ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ለሚቀጥለው የቤት ዕቃዎች ትርዒትዎ የእናታችንን የስፌት መኪና እንድናውስዎ የላኩት ጥያቄ ደርሶናል። የስፌት መኪናዋ ጥቁር ናት። አባቴ ጥያቄዎን እንደሰሙ ያለችበትን ክፍል ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ ስላሰሩት፣ እባክዎን በዚህ ወር በሰፈራችን በኩል አይለፉ።