ከአልጋቸው ለተነሡት ብቻ

ይድረስ ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የምርምር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በአክብሮት እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የምግብ ፍላጎትዎ የተከፈተ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አራት ፎቅ በእግር የሚወጡበት ጉልበትዎም ያልደከመ እንዲሆን ምኞቴ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሆነችው ልጄ፣ የጆሮ አኩፓንቸር፣ ማለትም ጆሮ ላይ ቀጫጭን መርፌ የመሰካት ሕክምና፣ ድባቴ የያዛቸውን ተማሪዎች ይረዳ እንደሆነ ለመፈተን ባካሄዳችሁት ጥናት ውስጥ ነበረች፤ በአራተኛው ሳምንት ተሰረዘች። ባለፈው ሰኞ በዋናው በር ላይ በተሰቀለው ባነር፣ ከትልቅ የጆሮ ሥዕል ሥር «ከአሥር ተሳታፊዎች ዘጠኙ ተሽሏቸዋል» የሚል አነበብኩ። እንኳን ደስ አለዎት። ደስታዎ የተሟላ ይሆን ዘንድ ጥቂት ነጥቦች ላክልበት።

፩. በመጠይቃችሁ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከአልጋ መነሣት ምን ያህል ከብዶሻል?» የሚል ጥያቄ አለ። ልጄ «በየቀኑ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች፤ በዚህ መልሷ ለጥናቱ ብቁ ናት ተብላ ተመዘገበች። ከዚያ ከአልጋ መነሣት አቅቷት ሦስት ቀጠሮ ሲያልፋት «በፍላጎት ማነስ» ተሰረዘች። መታመሟን አምኖ የተቀበላት ጽሕፈት ቤት መታመሟን ስታስመሰክር ስላሰናበታት፣ ለጥንቃቄው ምስጋና ይገባዋል።

፪. ቀጠሮው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ክፍሉ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ጥገና ላይ ነው። ደረጃውን ጨርሶ የወጣ ተማሪ መርፌ ሳይነካው ግማሽ መንገድ ድኗል። የቀረውን ግማሽ ለጆሮው መተዋችሁ ትሕትና ነው።

፫. የልጄ ቦታ ባዶ እንዳይሆን የዶርም ጓደኛዋን ተካችሁ። ይህች ልጅ እዚያ የተገኘችው ልጄን ደግፋ ልታመጣ ሲሆን፣ በሰዓቱ በመድረሷ ተመረጠች። እንዲህ ስትል ነገረችኝ፦ «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምንም የለብኝም እያልኳቸው ‹እሱን ውጤቱ ያሳያል፤ ተቀመጪ› አሉኝ! አምስት መርፌ ጆሮዬ ላይ ሰኩልኝና ለጥ ብዬ ተኛሁ።» አሁን ከዘጠኙ አንዷ እሷ ናት። ከምን እንደተሻላት ግን እስካሁን አልተነገራትም።

በእኔ ሙያ ይህን ዘዴ ባውቅ ኖሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባልተጨነቅሁ ነበር። ልብሱ ጠብቦት ተመልሶ ያልመጣውን ደንበኛ ከመዝገብ ፍቄ፣ አምሮበት የመጣውን ብቻ ብቆጥር፣ እስከ ዛሬ አንድም ያበላሸሁት ሱሪ አይኖርም ነበር።

፬. ይህን ያለ ቀልድ እጽፋለሁ። ልጄ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው መርፌው የተደረገላት። ከሁለተኛው በኋላ ራሷ ደውላ ምሳ መብላቷን ነገረችኝ፤ ከሁለት ወር ወዲህ ራሷ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነበር። መርፌው ይሁን መርፌውን የሰካችላት ነርስ እጅ፣ ወይስ አንድ ሰው ስሟን ጠርቶ «ዛሬስ እንዴት ነሽ?» ማለቱ፣ እኔ አላውቅም። ይህን ለማወቅ ነበር ጥናት የጀመራችሁት። አሁን እንደገና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ነርሷ «ዶርሟ ድረስ ሄጄ ላድርግላት፤ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው» ብላ ብትጠይቅ፣ መመሪያው አይፈቅድም ተባለች።

ስለዚህ የምለምነው ሁለት ነገር ነው፤ ልጄ ትመለስ፣ ነርሷም ወደ እሷ ትሂድ። ባይሻላት እንኳ አሥረኛዋ ሆና ትቆጠር፤ ባነሩ ላይ ለእሷ የሚሆን ቦታ አለ።

ስለ ትዕግሥትዎ እጅ እየነሣሁ፣ ውጤትዎ ሳይቀንስ ተማሪዎችዎ እንዲበዙልዎ የምመኝ፤

ከቁጥሩ የጎደለችው ልጅ አባት

ማስታወሻ፦ ለልጄ የላካችሁት የስንብት ቅጽ፣ ተሳታፊዋ በአካል ቀርባ ካልፈረመች ስረዛው እንደማይጸና በሦስተኛው አንቀጽ ይገልጻል። አልቀረበችም፤ ተኝታለች። በራሳችሁ ደንብ እስከ ዛሬ የጥናቱ አባል ናትና፣ የነገ ቀጠሮዋን ነርሷ ይዛላት ትምጣ። እኔም ዶርሟ እገኛለሁ፤ በሩን እኔ እከፍታለሁ።