በውድድር ወራት መንታ ስለ መውለዴ

ለክፍለ ግዛታችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ማኅበር
የተወዳዳሪዎች ብቁነት ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ለክቡር አቶ ዋረን ሆልምኲስት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደ ደንብ መጽሐፍዎ የጸና፣ ዕድሜዎም እንደ ኮሚቴዎ ስብሰባ የረዘመ ይሁን። እኔ ስፔሲዮዝ ባራንኪሪዛ እባላለሁ፤ የሃምሊን ከተማ ነዋሪ፣ የመንታ ልጆች እናት፣ በኮሚቴዎ ውሳኔ መሠረት ደግሞ ሯጭ አስኮብላይ ነኝ። ይህ የመጨረሻው ማዕረግ በቅርቡ የተሰጠኝ ስለሆነ ገና አልለመድኩትም። ጎረቤቶቼ ግን ለምደውታል፤ ልብስ ማጠቢያው ቤት ስንገናኝ "አስኮብላይዋ፣ ዛሬስ ስንት ሯጭ አመጣሽ?" ይሉኛል።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የማወጣው በግል የጻፍኩልዎ ሁሉ ከራስዎ መልስ ስላላገኘ ነው። ምናልባት ለክብርዎ የሚመጥን የአንባቢ ብዛት ጎድሎት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። የወንድሜ የአናክሌ ልጅ ካኔዛ፣ ስቶክዌል በምትባል ከተማ ከአባቷ ጋር ትኖር፣ እዚያው ትማር፣ ለትምህርት ቤቷም አገር አቋራጭ ትሮጥ ነበር። ትምህርት ሊከፈት ሲል እኔ እዚህ ሃምሊን መንታዎቼን ቡኩሩንና ቡቶይን ተገላገልኩ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ቤቱን የሚያየው እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ ነው። እኛ ቡሩንዲያውያን ዘንድ ደግሞ አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ከዘመድ አንዲት ልጅ መጥታ እናቲቱ እስክትጠና አብራት ትቀመጣለች። አናክሌ መንታ መሆናቸውን በሰማ ማግስት ልጁን ከነሻንጣዋ፣ ለአጥሚት ከሚሆን የማሽላ ዱቄት ጋር አምጥቶ በሬ ላይ አወረደልኝ። በሁለቱ ከተሞች መሐል ስትመላለስ እንዳትውልም እኔ ዘንድ ባለው ትምህርት ቤት ተመዘገበች። ኮሚቴዎ ይህን መርምሮ "ለሩጫ ጥቅም ሲባል የተደረገ ዝውውር" ብሎ ሰየመውና ለአንድ ዓመት ከውድድር አገዳት። ካኔዛ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ስለዚህ ለእርሷ አንድ ዓመት ማለት እስከ መጨረሻው ማለት ነው። የኮሌጅ አሰልጣኞች የሚያዩት የዘንድሮውን ሩጫ ነው፣ ከዚህ በኋላ የሚያያት የለም።

ቅሬታዎቼን በታላቅ ትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የወለድኩበትን ወቅት በተመለከተ የሚባለውን ሁሉ እቀበላለሁ። የአገር አቋራጭ ውድድር የሚካሄደው በእነዚህ ወራት መሆኑን እያወቅኩ፣ ያውም መንታ፣ መውለዴ ለስፖርቱ ያለኝን ንቀት ሳያሳይ አልቀረም። ለወደፊቱ የውድድር ካሌንደሩ አስቀድሞ ቢላክልን ባለቤቴም ቤት የሚገባበትን ቀን በዚያው ልክ ያስተካክላል።

ሁለተኛ፣ ቤታችንን እንዲመረምሩ ስለላኳቸው ስለ አቶ ክሌይተን ፕሩት ምስጋና ሳላቀርብ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። እሑድ ከሰዓት መጡ። ባቄላ በሙዝ ቀረበላቸው፣ ፋንታ ተከፈተላቸው፣ ሁሉንም በጨዋ ደንብ ቀመሱ። ካኔዛ በዚያ ሰዓት ቡቶይን አዝላ፣ ቡኩሩን ታቅፋ፣ የቆሸሸ ዳይፐር የሞላውን ቅርጫት በእግሯ ወደ ጓዳ እየገፋች ነበር። አቶ ፕሩት ይህን ሁሉ እያዩ "ይህቺ ልጅ እዚህ የመጣችው ለምንድን ነው?" ሲሉ ጠየቁኝ። ክቡር ሆይ፣ እኛ ዘንድ የወንድምን ልጅ በእንግዳ ፊት "ልታገለግለኝ መጣች" አይባልም። እንዲህ ያለች ሴት ወንድሟን ከሰው በታች አድርጋዋለች። ስለዚህ ደግ ደጉን ተናገርኩ። "ልጃችን ናት፣ ልትማር ነው የመጣችው። ሯጭ ናት እኮ፤ የእዚህ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ደግሞ ጎበዝ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ" አልኳቸው። አሰልጣኙን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ግን እንግዳ ሲመጣ ከአገሩ አንድ ነገር ማመስገን ወግ ነው። አቶ ፕሩትም ፋንታቸውን ጨርሰው፣ ከቃሌ አንዲት ሳያጎድሉ ይዘው ሄዱ። ካኔዛ በሩን ስትዘጋ "አክስቴ፣ ምን አልሽው?" ብላ ጠየቀችኝ። "አመሰገንኩሽ" አልኳት። ኮሚቴዎ እገዳውን የጻፈው በዚያ ምስጋና ላይ ቆሞ ነው። በኋላ ቀርቤ እውነቱን ሳስረዳ "ምስክሯ ቃሏን ለውጣለች" ተባልኩ። ሌላው ሁሉ ይቅርና ይህ ያንገበግበኛል። በገዛ አፌ ልጄን አሰርኳት፤ ልፈታት በተናገርኩ ቁጥር ደግሞ ቋጠሮው ይጠብቃል።

ሦስተኛ፣ ውሳኔዎ "በውጭ አገር የተወለዱ ሯጮች ይዘውት የሚመጡት የተፈጥሮ ብልጫ" ስለሚለው ነገር ያነሳል። አድናቆትዎ ልቤን ነክቶታል። ካኔዛ የተወለደችው ታንዛኒያ፣ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። እዚያ የሚሮጥ ሰው ከታየ ወይ ሰርቋል ወይ ውኃ መጥቷል። መሮጥን የተማረችው እዚሁ እናንተ ዘንድ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እያመለጣት ነው። ከካምፕ ይዘን የመጣነው ብልጫ ሰልፍ ላይ መቆም ብቻ ነው፤ በዚህ ረገድ ማንም እንደማይደርስብን እኔም አልክድም፣ ኮሚቴዎም ሳይጠቀምበት አልቀረም።

አራተኛ፣ ሌላ መውጫ ፈልጉ ስላላችሁን ፈለግን። ካኔዛ ስቶክዌል ትመለስ ብንል፣ መመለሷ ሁለተኛ ዝውውር ተብሎ እገዳው እንደ አዲስ እንደሚቆጠር ተነገረን። አባቷ እዚህ ይምጣ ብንል፣ እርሱ የሥጋ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነው፤ ሥራውን ጥሎ ቢመጣ እንኳ መምጣቱ ለሩጫ አለመሆኑን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ሕፃናቱ ይቅረቡና ይታዩ ብዬ ብጠይቅ "መወለዳቸው አልተካደም" የሚል መልስ አገኘሁ። ይግባኝ ብንል ቀጠሮው የተሰጠን ከመጨረሻው ውድድር በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ጠንካራ ቤት ሠርቶ አንድም መስኮት አለመርሳት ትልቅ ጥበብ ይጠይቃል፣ ለዚህም አደንቅዎታለሁ።

አምስተኛ፣ አይ፣ አንድ መስኮት አለ። ጸሐፊዎ በስልክ በደግ አንደበት እንዳስረዳችኝ፣ አባትየው "ልጄን ለማሳደግ አቅምም ፈቃድም የለኝም" ብሎ ከፈረመ ካኔዛ እንደ ተጣለች ልጅ ትቆጠርና በሳምንቱ መሮጥ ትችላለች። ወረቀቱንም ላካችሁልኝ።

ክቡር ሆይ፣ የካኔዛ እናት የሞተችው ልጅቷ ጡት ሳትጥል ነው። ያሳደጋት አናክሌ ነው። ካምፕ ሳለን ጸጉሯን የሚሠራት እርሱ ነበር፤ ሹሩባው ወዲያና ወዲህ እየተንጋደደ ሴቶቹ ሁሉ ይስቁበት ነበር፤ እኔ ልፍታው ስላት ግን እሪ ትል ነበር። ይህን ሰው ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ በቀጥታ እኔ ቤት ሲመጣ ተቀብዬ ወረቀቱን በቋንቋችን አነበብኩለት። እስክሪብቶ አነሳና "የቱ ጋ ነው የምፈርመው?" አለኝ። "ወንድሜ፣ አልሰማኸኝም እንዴ? ልጄን ጥያታለሁ ነው እኮ የሚለው" አልኩት። "ሰምቻለሁ። ከፈረምኩ ትሮጣለች አይደል?" አለ። ካኔዛ "አባዬ፣ በናትህ ተወው" ስትለው "አንቺ ዝም በይ፣ ይሄ የትልልቅ ሰው ጉዳይ ነው" ብሎ ፈረመ። ወረቀቱን አጥፎ ሰጣትና "ነገ ፖስታ ቤት አድርሺው" ብሏት ያቀረብኩለትን ሳይነካ ወጣ። እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ፤ በሕይወቴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። አንድን አባት ለልጁ ባለው ፍቅር አስገድዶ አልወዳትም ማሰኘት በየትኛው ገጽ ላይ እንደተደነገገ ቢጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

በመጨረሻም ከልብ ማመስገን የምፈልግበት ጉዳይ አለ። ባለፈው ቅዳሜ የወረዳው ውድድር እዚሁ ሃምሊን መናፈሻ ሲካሄድ፣ መለያ እንዳትለብስ የተከለከለችው ካኔዛ ሥራ አላጣችም። አሰልጣኙ ከመጨረሻው መስመር ኋላ አቆማት፣ ሮጠው የጨረሱ ልጆች እንዳይወድቁ ስትደግፍ ዋለች። ከስቶክዌል አብራት ትሮጥ የነበረች ልጅ እጇ ላይ ወድቃ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ "የት ሄደሽ ነው? ኮረብታው ላይ ስፈልግሽ ነበር እኮ" አለቻት። ካኔዛ ውኃ ሰጠቻትና "እዚሁ ነበርኩ" አለቻት። መንታዎቹን ይዤ ከገመዱ ውጭ ቆሜ ስለነበር ሰምቻለሁ። ውድድሩ ንጹሕና ፍትሐዊ ሆኖ ተጠናቋል፣ እንኳን ደስ ያለዎ።

በአንድ እጇ ልጅ፣ በሌላው እስክሪብቶ ይዛ፣ ሦስተኛ እጅ ከወንድሟ ቤት በማስመጣቷ በኮሚቴዎ የተፈረደባት፣ ለወንበርዎ ምቾት ዘወትር የምትጸልየው

አክባሪዎ
ስፔሲዮዝ ባራንኪሪዛ
ሃምሊን

ድኅረ ጽሑፍ፦ አናክሌ የፈረመበት ወረቀት ለምን እንዳልደረሰዎ ሳይገርምዎ አልቀረም። ካኔዛ በማግስቱ ፖስታ ቤት አልሄደችም፤ ወረቀቱን ቀዳድዳ ከቆሸሸው ዳይፐር ጋር ጣለችው። "አባት የሌለኝ ሆኜ አልሮጥም" አለችኝና ቡኩሩን ልታጥብ ሄደች። ይህን ለአባቷ የምንነግርበት አንጀት አላገኘንም። እርሱ የእናንተን ጋዜጣ ስለማያነብ ከዚህ አያገኘውም፤ ጎረቤቶቻችንንም አስምለናል። ግን በየምሽቱ ሥራ ከመግባቱ በፊት እየደወለ "መልስ መጣ?" ይለኛል፣ እኔም የምመልሰው አለቀብኝ፤ ስለዚህ የቢሮዎን ስልክ ልሰጠው ነው። ሲደውል እባክዎ "ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ነው" ይበሉት። ቋንቋችሁን ብዙም ባይችልም ይህችን ዓረፍተ ነገር ከካምፕ ጀምሮ ያውቃታል። ለእርስዎም አዲስ አይደለችም፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ለደግ ሥራ ትዋል።