የእትዬ አስካለ ቀይ ገመድ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3። ከቁርስ በኋላ

ገንፎው ዛሬም ውሃ ነው። ገንፎ ይሉታል እንጂ ገንፎ ስሜን አጠፋችሁት ብሎ በከሰሳቸው። ሁለት ማንኪያ ቀምሼ ተውኩት። ከፊቴ ያለው ወንበር ባዶ። እትዬ አስካለ አልወረዱም።

ይሄ ልክ አይደለም። ሰማንያን ያለፉ ሴት ናቸው፤ ግን አንድም ቀን ቀድሜያቸው ወርጄ አላውቅም። ሁልጊዜ ከወንበራቸው ሆነው፣ አንተ ታደሰ፣ ዛሬም እንቅልፍ ጣለህ ይሉኛል። በዚህ የለንደን የአረጋውያን መጦሪያ፣ በዊልስደን ኬር ሆም፣ ከምንኖረው መሃል ሐበሻ እኔና እሳቸው ብቻ ነን። እሳቸው እያሉ ነው ገንፎው የሚዋጠው።

ወጣሁ። አንኳኳሁ። ቀጭን ድምፅ። መታጠቢያ ቤት፣ ወለሉ ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። ቀሚሳቸው ርሷል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ጎህ ሳይቀድ ነው የወደቁት። ይባስ ብለው ይቅርታ ይጠይቁኛል! አስቸገርኩህ ይሉኛል!

ደብተሬ፣ ቀዩን ገመድ ላስረዳህ። በየመታጠቢያ ቤታችን ከጣሪያ እስከ ወለል የሚወርድ ገመድ አለ። የወደቀ ሰው በተኛበት እንዲስበው ነው። ሲሳብ ቀይ መብራት ይበራል፣ ታች ደወል ይጮኻል፣ ሰው ይመጣል። የእሳቸው ግን ተጠቅልሎ፣ ተቋጥሮ፣ ጣሪያው ሥር ተንጠልጥሏል። እያዩት ነው የነጋላቸው።

የራሴን ሄጄ ሳብኩ። ዘነበች እየሮጠች መጣች፣ ኬረራችን፣ ማለት ተንከባካቢያችን፣ እጇ ላይ የሌላ ሰው ሳሙና እንዳለ። ለሁለት አነሳናቸው። ዳሌያቸው በልዟል። ሐኪም ይጠራ አልኩ። እ. አስካለ አሻፈረኝ አሉ።

ገመዱን ማን ቋጠረው? ዘነበች አቀረቀረች። እ. አስካለ ግድግዳ ግድግዳውን አዩ።

ግልጽ ነው። የማናጀሩ ሥራ ነው። ደወል እንዳይረብሸው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ማናጀሩ ቢሮ ሄድኩ። ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው፤ "ታዲ" ይለኛል። ማን ታዲ አድርጎኝ! ሃያ ምናምን ዓመት የዚህን ከተማ አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ ተሳፋሪ እንኳ እንዲህ አላቃለለኝም። ፈገግታው ከአንገት በላይ ነው። አረጋውያን ይወድቃሉ አለ። ተመዝግቧል አለ። ለሁለት ፎቅ በጠዋት አንድ ኬረር ይበቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የሠራተኛው ብዛት በቂ መሆኑ ተገምግሟል አለ። ማን ገመገመው? እሱ።

ውጪ ወጥቼ ለተቆጣጣሪዎቹ ደወልኩ። ኬር ሆሞችን የሚመረምረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ፤ ስልኩ መግቢያው ላይ ተለጥፏል። ረጅም ሙዚቃ። ከዚያ ትሁት ሴትዮ። ሁሉንም ነገርኳት። የግለሰብ አቤቱታ አንፈታም፣ መረጃህን ግን እንጠቀምበታለን አለች። ለምን እንደምትጠቀምበት ሳልጠይቃት ዘጋችው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ቤቱ ቀለም ቀለም ይሸታል። በየኮሪደሩ አበባ። አይተናቸው የማናውቃቸው ሁለት ኬረሮች ጊዜያዊ ሠራተኛ ከሚልክ ኤጀንሲ መጥተዋል፤ ስማችንን ከበራችን ላይ እያነበቡ ይጠሩናል። ምሳ ላይ ዓሣ! እውነተኛ ዓሣ፣ እሾህ ያለው።

ኢንስፔክተር ሊመጣ ነው። ሳይነግሩ ይመጣሉ ይባላል። ይሁን። አውቶቡስ ላይም እንዲሁ ነበር፤ ተቆጣጣሪው ገና ሦስት ፌርማታ ሲቀረው ወሬው እኔ ጋ ይደርስ ነበር። ያን ቀን እንደኔ ያለ ጨዋ ሹፌር አልነበረም።

እ. አስካለ ጋ ገባሁ። ነገ ሰው ከመጣ ሁሉንም ይንገሩት አልኳቸው። ወለሉን፣ ብርዱን፣ ገመዱን። እሺ አሉኝ። ደግመው እሺ አሉኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ እሺ ያለ ሐበሻ አንዴም እሺ አላለም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13። ከምሳ በኋላ

ብዕሬ ወረቀቱን እየቀደደ ነው የምጽፈው። ከንዴት።

መጣች። አንዲት ሴት፣ አንገቷ ላይ መታወቂያ፣ እጇ ላይ ታብሌት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይሄ ደግሞ የበለጠ ያናድዳል። ለእ. አስካለ በስልክ አስተርጓሚ ልታገናኝ ሞከረች። እ. አስካለ የአማርኛውን ድምፅ ሲሰሙ ስልኩን በእጃቸው ገፉት። የማላውቀው ሰው ገመናዬን አይሰማም፤ ነገ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ላይ አገኘው ይሆናል አሉ። እዚህ ላይ አልፈርድባቸውም። የለንደን ሐበሻ አንድ ሰፈር ነው። ታደሰ ያስተርጉም አሉ።

ለብሰዋል። ነጠላቸው እንደ ወረቀት ነጭ፣ ዳሌያቸው ድረስ ወርዶ የበለዘውን ሸፍኖታል። ከመሳቢያቸው ዳቦ ቆሎ አውጥተው የሴትዮዋን እጅ ሞሉት። ስጦታ መቀበል አልችልም አለች። ተቀየሙ። ተቀበለች።

እዚህ ቤት ደኅንነት ይሰማዎታል? ተመስገን። ሲጠሩ ሰው ይመጣል? ሳልጠራቸው ይመጣሉ፣ መላእክት ናቸው፣ የእናታቸውን ያህል ነው የሚያዩኝ። እኔ ቆሜ ይሄን ሁሉ በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ! ምላሴ ላይ የነበረውን አንተ ታውቃለህ ደብተሬ። ወለል ላይ ተኝቼ ነጋ፣ ውሃ የሚሰጠኝ አላገኘሁም ይላሉ ብል፣ ማን ያውቅብኛል? ማንም። ግን ማስተርጎም አደራ ነው። ቃል በቃል ተናገርኩላቸው።

ከዚያ፣ አሁን የምለው የራሴ ነው አልኩ። ነገርኳት። ወለሉን። ገመዱን።

መታጠቢያ ቤት ገባች። ቋጠሮውን አየች። ፊቷ ተለወጠ፤ ደስ አለኝ። ማናጀሩ ከበሩ ጋ ቆሞ ፈገግታው ጠፋ፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ደስ አለኝ። ማን ነው የቋጠረው አለች። አስተረጎምኩ።

እ. አስካለ፣ እኔ ነኝ አሉ። በገዛ ፈቃዴ ነው፣ ገመድ ፊቴ ላይ ሲንዘላዘል አልወድም።

በማናጀሩ ትእዛዝ የቋጠረችውን ዘነበችን ሊሸፍኑ ነው ብዬ አሰብኩ። አስተረጎምኩ። ማናጀሩ ፈገግታውን መልሶ አገኘው። የነዋሪን ምርጫ እናከብራለን አለ። ሴትዮዋ ምርጫውም ስጋቱም በጽሑፍ ይስፈር፣ ሌላ መጥሪያም ይታሰብ አለች። ይሰፍራል፣ ይታሰባል አለ። ታብሌቷን ዘጋች። አለቀ።

ያው ቀን። ማታ

ልጣላቸው ሄድኩ። ተጣላኋቸው። ለእርስዎ ብዬ የለፋሁበትን እርስዎ ራስዎ አፈረሱብኝ አልኩ።

እሳቸው የባሰ ተቆጡ። የምበላበትን ወጪት ልስበር? አሉኝ። ብዕር የያዘ ሰው እቤትህ መጥቶ ስለ ጎረቤትህ ሲጠይቅህ ምን ይባላል፣ ረሳኸው እንዴ አንተ? የቀበሌ ሰዎች በየቤቱ ሲዞሩ የት ነበርክ? ያኔ አንድ ስም ብትጠራ ሰው ይሄድ ነበር፤ ዝም አይነቅዝም።

ይሄ ለንደን ነው አልኳቸው። ዘነበችስ የት ነው ያለችው? አሉኝ። ቪዛዋ ከዚህ ቤት ሥራ ጋር የታሰረ ነው። ቢያባርሯት ከአገር ውጪ ናት፣ ከነልጆቿ።

ከዚያ እውነቱን ነገሩኝ። ገመዱን ያሰሩት በእርግጥ እሳቸው ናቸው። በዚህ አገር በጋ ላይ ፎጣ ሲያነሱ ሳያውቁ ሳቡት። ዘነበች እንዳበደች ሮጣ መጣች፤ ታች አንድ ሽማግሌ ሳሙና ዓይኑ ውስጥ እንዳለ ጥላ። ምንም አለመሆናቸውን ስታይ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ያን ቀን፣ ልጄ፣ ይሄን ነገር እሰሪልኝ፣ ሁለተኛ በከንቱ አላስሮጥሽም አሏት። እንቢ አለች። አዘዟት። ወንበር ላይ ወጥታ ቋጠረችው። እናቷን የሚያህሉ ሴት አዘው፣ እንዴት አድርጋ እንቢ ትበል?

ማናጀሩ አይደለም እንግዲህ። ማናጀሩ ብቻ አይደለም። ይሉኝታ ነው ያሰረው! ግን ይሉኝታ ሁለት ፎቅ ለአንዲት ሴት አልሰጠም። ያን የሰጠው እሱ ነው። እሱን ደግሞ የሚጠይቅ የለም፤ ታብሌቱ ገመዱን ያያል፣ ሯጯን አያይም።

ለምን ለኔ አልነገሩኝም ነበር አልኩ። አንተ ትጮኻለህ አሉኝ። ሳልሰናበታቸው ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ጾም ገብቷል። ገንፎው ወተት አለው፤ እ. አስካለ ዳቦ በሻይ ይበላሉ። አንነጋገርም። እሳቸው እኔ ስቀመጥ ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። ሁለታችንም መስኮቱን እናያለን፤ ውጪ ያለው የቆሻሻ ቢን ነው።

የኤጀንሲው ሁለት ኬረሮች ኢንስፔክተሯ በሄደች ማግስት ጠፍተዋል። አበባው ደርቋል። ዘነበች ጉንፋን ይዟት እያሳለች ትሮጣለች። ዓሣውማ ታሪክ ሆነ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 16

የኢንስፔክተሯ ሪፖርት ወጣ። ለቤቱ የተሰጠው ደረጃ፦ "ጥሩ"። ማናጀሩ መግቢያው ላይ በትልቁ ለጥፎታል፣ ኬክ አስቆርጦበታል። ስለ ደኅንነት በሚለው ሥር እንዲህ ይላል፦ ነዋሪዎች ደኅንነት እንደሚሰማቸው ነገሩን፤ አንዲት ነዋሪ ሠራተኞቹን መላእክት ብላቸዋለች፤ የነዋሪዎች ምርጫ ይከበራል፣ በጽሑፍም ይያዛል።

የኔ ቃል የለም። አገላብጬ ፈለግሁት። የለም። መላእክት የሚለውን ግን እኔ ነኝ ያስተረጎምኩት! በገዛ አፌ!

ኬኩን አልበላሁም። እ. አስካለም አልበሉም፤ ጾም ነው። ግን ወረቀቱ ፊት ቆመው ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ። ከዚያን ምሽት በኋላ የመጀመሪያው ቃላቸው። ነገርኳቸው። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 20

ደግመው ወደቁ። ትናንት ጠዋት። እዚያው።

እኔ አኩርፌ አርፍጄ ወረድኩ። ወንበራቸው ባዶ ሲሆን፣ ዛሬም ሊሸሹኝ ነው ብዬ ገንፎዬን በላሁ። ጨርሼ በላሁት ደብተሬ! ዘነበች ናት ያገኘቻቸው፣ አልጋ ልታነጥፍ ስትገባ። አሁን ዳሌያቸው ተሰብሯል። አምቡላንስ ወሰዳቸው። ዘነበች ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ፊቷን ትመታለች። እኔ ነኝ የገደልኳቸው ትላለች። አልሞቱም አልኳት። ክንዷን ይዤ አስነሳኋት።

ማናጀሩ ምርጫቸው በጽሑፍ የተያዘ ነው አለኝ። ሳልጠይቀው።

እሑድ፣ ዲሴምበር 21

ሆስፒታል ሄድኩ። በሁለት አውቶቡስ። ትራስ ውስጥ ጠፍተዋል፤ እንዲህ ትንሽ ሴት መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ነርሷ መጥታ ሕመም አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ተመስገን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። አየኋቸው። አዩኝ።

አመመኝ በላት አሉኝ። በጣም አመመኝ በላት።

አስተረጎምኩ። በደንብ እንድትሰማ ደገምኩት። ነርሷ መድኃኒት ልታመጣ ወጣች። እጄን ያዙና እንዲህ አሉኝ፦

"አንተ ታደሰ፣ ያን ገመድ ፍታልኝ። ስመለስ እስበዋለሁ። ባጠፋም እስበዋለሁ።"

አለቀስኩ። ምን ይደረግ፣ አለቀስኩ።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 22። ጠዋት

በእ. አስካለ መታጠቢያ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው።

ዘነበች ከፈተችልኝ። ልውጣና ልፍታው አለች፤ አይሆንም አልኳት። በዚህ ቋጠሮ ላይ ሁለተኛ እጅሽ አያርፍም። ገመዱን እስበዋለሁ፣ አትሩጪ፤ በእጅሽ ያለውን ሰው በወጉ አጥበሽ ጨርሺ፣ ካንቺ ሌላ የሚመጣ እንዳለ ለማየት ነው። ገባት። ሄደች።

የሽንት ቤቱ ክዳን ላይ ወጣሁ። በኔ ዕድሜ! ወድቄ ብሞት ምርጫው ነበር ይሉኛል። የዘነበች ቋጠሮ እንደራሷ ጠንካራ ነው፤ በቁርስ ሹካ ነው የፈታሁት። ወረደ። ወለሉን ነካ።

ከዚያ እሳቸው በተኙበት ቦታ ተቀመጥኩና ሳብኩት። ቀይ መብራቱ በርቷል።

ውሳኔዬ ይሄ ነው። በየጠዋቱ እዚህ እቀመጣለሁ፣ እስባለሁ፣ ሰው እስኪመጣ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ ለተቆጣጣሪዎቹ ደውዬ እነግራቸዋለሁ። የግለሰብ አቤቱታ አንፈታም ይበሉኝ። ነገም እደውላለሁ። ሁለተኛ ኬረር እስኪቀጠር። እሳቸው ሲመለሱ ደግሞ ጎን ለጎን ሆነን እንስባለን። ማናጀሩ ከጠየቀኝ ምርጫዬ ነው፣ በጽሑፍ ይስፈርልኝ እለዋለሁ።

መብራቱ እንደበራ ነው። ስልኩ ጉልበቴ ላይ ነው።

ኮቴ ሰማሁ። የሻይ ጋሪው ነው። አለፈ።

ወለሉ እንዲህ እንደሚበርድ አላውቅም ነበር።