የሴርዋ ግራ እጅ

ሰኞ፣ የካቲት 10
ሴርዋ ዛሬም ስታየኝ ጠረጴዛ ስር ገባች። ሦስተኛ ሳምንት! ሰባት ዓመቷ ነው፣ አትናገርም። ከልዩ ፍላጎት ማዕከላችን አስተማሪዎች ሁሉ እኔን ብቻ ነው የምትሸሸው። ምን አደረግኳት? አልቆጣ፣ አልጮህ... የምትወደውን ፕላንቴን፣ ያንን ትልቅ የሚጠበስ ሙዝ ሳይቀር ጠብሼ ይዤላት እሄዳለሁ።
አለቃችን እትዬ ዴዴ ጠሩኝ። "ማንሳዬ፣ እስከ አርብ ካልቀረበችሽ ለሌላ ሰው እሰጣታለሁ። ልጅቷ ናት የምትጎዳው።"
ደህና ሰው ናቸው። ግን አቃጠሉኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
ነከሰችኝ። ስልጠናው ላይ "መጀመሪያ መዋደድ፣ ከዚያ ማስተማር" ይሉናል። እሺ፣ ማን ጠላ?

ረቡዕ፣ የካቲት 12
እትዬ ዴዴ ጥግ ተቀምጠው ሲያዩኝ አረፈዱ።
"ስንቴ እንደከለከልሻት ታውቂያለሽ?"
"እኔ? አንድም ጊዜ!"
"አስራ ዘጠኝ ጊዜ። እጇን በዘረጋች ቁጥር ሳህኑን ታሸሺዋለሽ።"
"እሱማ በግራዋ ስለምትዘረጋ..."
"ግራኝ ናት እኮ፣ አንቺ!"
የከተማችን የኩማሲ ሰው በግራ እጅ ይሰጣል? ይቀበላል? ነውር ነው! አያቴ አንድ ብርቱካን በግራዬ ስለተቀበልኩ እጄን በማማሰያ መትታኛለች። ሳላስበው ነው የማደርገው። ልጅቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ "ስጪኝ" ስትለኝ፣ እኔ "አልሰጥሽም" ስላት... ወይኔ! በራሴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13
በግራዋ ዘረጋች፣ ሰጠኋት። ትክ ብላ አየችኝ። ደግማ ዘረጋች። ሰጠኋት። ሳህኑ ሲያልቅ ተመልሳ ጠረጴዛ ስር ገባች። አይፈረድባትም። ነገ አርብ ነው...

አርብ፣ የካቲት 14
ዛሬ ያመጧት አያቷ ናቸው፣ ናና ኦፎሪዋ። በሩ ላይ ሴርዋ ግራ እጇን ዘረጋችልኝ። ምንም አልያዝኩም እኮ! እጄን ነው የፈለገችው።
ናና እጇን መታ አደረጉት። "ቀኝሽን! ስንቴ ልንገርሽ?"
ልጅቷ እጇን ሰበሰበች። ትልቅ ሰው እንዴት ይታረማል? ጎንበስ አልኩ። "ናና፣ ይማጸኑኛል... እማጸንዎታለሁ፣ ይተዉላት።" ምላሴ እንኳ ተሳሰረ።
"የማን ልጅ ነሽ አንቺ? እናት አላሳደገችሽም?"
"አሳድጋኛለች፣ ናና።" አልኩና እዚያው ፊታቸው የራሴን ግራ እጅ ለሴርዋ ዘረጋሁ።
"አሳዳጊ የበደላት!" ብለው ጥለውን ሄዱ። እትዬ ዴዴ ሰምተዋል። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው በሩን ከፈቱልን።
ሰደቡኝ፣ እናቴንም ጨምረው። ሴርዋ ግን እስከ ምሳ እጄን አልለቀቀችም።